የርካሹ ሞዴል ጠባቂ

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከምኖርባት፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ካለችው ከሴንት ፖል ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የሞተር ሳይክል መሸጫ ውስጥ በአንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጬ ነበር። ኢቢአር 1190 አርኤክስ ትባላለች፤ ዋጋዋ 18,995 ዶላር ነበር። ከጎኔ የቆሙት ሽማግሌ ሻጭ ስለ ጉልበቷም ሆነ ስለ ክብደቷ ምንም አላሉኝም፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ዝምታው ሲረዝምብኝ፣ ነገር የሚያውቅ ገዢ ለመምሰል፣ «ርካሹ ሞዴል መቼ ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሰውዬው ሳይቸኩሉ፣ «አንተ ይህችን ስትገዛ ነዋ» አሉኝ።

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን ሽበታቸውን እያየሁ በልቤ «እርስዎ» እያልሁ ነበር የማናግራቸው፤ ስለዚህም ይሆናል ነገራቸውን እንደ ሻጭ ብልጠት ሳይሆን እንደ አባት ተግሣጽ የሰማሁት። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን በሙሉ መልስ ስፈልግለት ነበር። ከዐሥር ዓመት በላይ አልፎም መልስ አላገኘሁለትም፤ እንዲያውም እሳቸው ትክክል እንደ ነበሩ የሚያሳየኝ ነገር በየጊዜው እየተጨመረ መጥቷል።

የተጨፈለቀችው ትንሽ

ሞተር ሳይክል መንዳት የተማርሁት በሐምሌ 2007 በብላስት ነው። የሃርሊ ዴቪድሰን ሻጮች በዚያን ጊዜ ራይደርስ ኤጅ የሚባል የጀማሪዎች ሥልጠና ይሰጡ ነበር፤ ለመማሪያ የሚያቀርቡልን ደግሞ ኤሪክ ቢዩል የተባለው መሐንዲስ ያቋቋመው ድርጅት የሠራትን ይህችን ትንሽ ሞተር ሳይክል ነበር። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 492 ሲሲ፣ በ2000 ገበያ ላይ ስትውል 4,395 ዶላር የተተመነላት ናት። የአካሏ ፕላስቲክ የጎልፍ ኳስ ከሚሸፈንበት ዓይነት ሲሆን ቀለሙ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከፕላስቲኩ ጋር የተዋሐደ ነበር። እኔ በዚያ የሥልጠና ሜዳ ላይ ሁለት ጊዜ ጥያት፣ ሁለቱንም ጊዜ አሠልጣኙ አንሥቶ በጨርቅ ጠረግ አድርጎ መልሶ ሰጥቶኛል።

የምሠራው በአንድ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ውስጥ፣ በኮምፒውተር በሚታዘዝ ቶርኖ ላይ ነው። የዚያ ፕላስቲክ ነገር የገባኝም በዚሁ ሥራ ላይ ሆኜ፣ ከዓመታት በኋላ ነው። ቀለሙ ከውስጥ ከሆነ ቀለም መቀቢያ ክፍል፣ ማድረቂያና የቀለም ሠራተኛ አያስፈልጉም፤ ተበላሽቶ እንደገና የሚቀባ ዕቃም አይኖርም። ርካሽ ነገር እንዲህ ይታሰባል፤ ከላይ ዋጋ በመቀነስ ሳይሆን ከሥር አንድን የሥራ ደረጃ ጨርሶ በማስቀረት። ያን ጊዜ ግን ይህን ሁሉ አላየሁም። ሥልጠናውን ጨርሼ መንጃ ፈቃዱን እንዳገኘሁ ብላስትን ናቅኋት፤ የምመኘው ነዳጁን በሻንሲው ውስጥ የሚይዘውን፣ ዘይቱን ደግሞ የኋላ ጎማውን በሚሸከመው ክንድ ውስጥ የሚያጠራቅመውን የዚያው ድርጅት ትልቅ የስፖርት ሞተር ሳይክል ነበር።

ንቀቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። በሐምሌ 2009 ድርጅቱ ራሱ ብላስትን ማምረት ማቆሙን ሲያስታውቅ፣ አንዷን በመጭመቂያ ጨፍልቆ አራት ማዕዘን የብረት ጥቅል አድርጎ ነበር ምስሏን ያወጣው። እንደ ቀልድ ነው የታሰበው፤ እኔም ስስቅ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ሦስት ወር ገደማ ሳይቆይ፣ በጥቅምት 15 ቀን 2009፣ ባለቤቱ ሃርሊ ዴቪድሰን በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ መካከል ቢዩልን በጠቅላላ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በ26 ዓመት ውስጥ ከ130 ሺህ በላይ ሞተር ሳይክሎችን የሠራ ድርጅት በአንድ መግለጫ አበቃ። ያኔ የተጨፈለቀው ጥቅል ምስል ትዝ አለኝ፤ መሳቄም አፈርሁበት።

ደረጃው

ኤሪክ ቢዩል ግን አልተቀመጠም። በዚያው በኅዳር 2009 ዊስኮንሲን ውስጥ በምትገኘው በትንሿ ኢስት ትሮይ ኤሪክ ቢዩል ሬሲንግን አቋቋመ፤ ኢቢአር የሚለው ምኅጻር የዚህ ነው። መጀመሪያ ለገዢ ያቀረበው 1190 አርኤስ ወደ 40 ሺህ ዶላር የሚጠጋ፣ በቁጥር የተወሰነ ሞተር ሳይክል ነበር። ያን ዋጋ ያየን ብዙዎች «ለሀብታም የጥርስ ሐኪሞች የተሠራ ነው» ብለን አለፍነው። በ2013 መጨረሻ ላይ እኔ የተቀመጥሁባት 1190 አርኤክስ በ18,995 ዶላር ስትቀርብ ግን ዋጋው ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር፤ ኢንጂኑ 185 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ይነገራል። ቀጥሎ የመጣችው 1190 ኤስኤክስ ደግሞ 16,995 ዶላር ሆነች።

እኔ ይህን እንደ ደረጃ ነው ያየሁት፤ አርባ፣ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ዐሥራ ሰባት። ቀጣዩ ደረጃ ዐሥራ ሦስት ሺህ እንደሚሆን በራሴ ስሌት ደመደምሁና፣ እሱ የኔ ነው ብዬ ከታች ቆሜ ጠበቅሁ። ያላሰብሁት ነገር ቢኖር፣ ከላይ የሚወርድ ሰው እያንዳንዱን ደረጃ የሚረግጠው በላይኛው ደረጃ ላይ በተሸጠው ዕቃ ገንዘብ መሆኑን ነው። ሽማግሌው ሻጭ ያሉኝ ይህንኑ ነበር።

በሥራ ቤታችን ይህን ስሌት በየሳምንቱ እናየዋለን። አንድ ሰው የፈጠረውን ዕቃ ሥዕል ይዞ ይመጣና የአንዱን ዋጋ ይጠይቃል፤ ስንነግረው ይደነግጣል። ዐሥር ሺህ ቢሆንስ ብሎ ሲጠይቅ ዋጋው ይወድቃል፤ ይደሰታል፤ ነገር ግን ዐሥር ሺህ ገዢ የለውም። እንበል አንድ የፕላስቲክ ሞልድ፣ ማለትም የፕላስቲኩ ቅርጽ ማውጫ፣ 50 ሺህ ዶላር ይፈጃል። ዐሥር ሺህ ሞተር ሳይክል የሚሸጥ ድርጅት በእያንዳንዱ ላይ አምስት ዶላር ጭኖ ይገላገለዋል፤ አምስት መቶ የሚሸጠው ግን መቶ ዶላር መጫን አለበት፤ ይህም የአንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ብቻ ነው። የጭስ መመዘኛ ፈቃዱ፣ የኢንጂኑ ቅርጽ ማውጫ፣ የሻጮች ሥልጠና፣ የዋስትና መጠባበቂያው ገና አልተነኩም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት ስናድግ የሰማነው ስለ መተባበር ነበር፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የማምረቻ ወጪ ትምህርት እስካሁን አላገኘሁም። በዚያ ጊዜ የጃፓኖቹ አንድ ሺህ ሲሲ የስፖርት ሞተር ሳይክሎች 14 ሺህ ዶላር ገደማ የነበሩት ጃፓኖች ከዊስኮንሲን ሰዎች ይልቅ ቆጣቢ ስለሆኑ አይመስለኝም፤ ሎሚውን የሚሸከምላቸው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው።

ከሕንድ የሚመጣው

ለመጠበቄ ምክንያት አልነበረኝም ማለት አልችልም። በሐምሌ 2013 በሽያጭ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዎቹ አንዱ የሆነው የሕንዱ ሂሮ ሞቶኮርፕ ከኢቢአር 49.2 በመቶውን በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በየካቲት 2014 ደግሞ በዴልሂው የመኪና ትርኢት ላይ ከኢቢአር ጋር የተነደፈች ኤችኤክስ 250 አር የምትባል ባለ አንድ ሲሊንደር ትንሽ የስፖርት ሞተር ሳይክል ታየች። ወደዚያ መሸጫ ስገባ ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። ትልቅ ሀብታም አጎት የተገኘለት ልጅ ይመስለኝ ነበር፤ ኢቢአር ያስባል፣ ሂሮ በብዛት ይሠራል፣ እኔ በርካሽ እገዛለሁ።

በሚያዝያ 15 ቀን 2015 ኢቢአር ሥራውን አቁሞ ንብረቱ በፍርድ ቤት በተሾመ ጠባቂ እጅ እንዲገባ አመለከተ። ዕዳው 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደ ነበር ተነግሯል። ያቺ የዴልሂዋ ሞተር ሳይክል ለገበያ ሳትበቃ ቀረች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ብዙ ሰዎች ጥፋቱን በ2014 በዓለም የሱፐርባይክ ውድድር ላይ በመግባቱ ላይ ይጥላሉ፤ ውድ ነበር፣ ውጤቱም አላማረም፤ ይሁን እንጂ ውድድር ባይገባ ኖሮ ስሙን ማን ይሰማው ነበር የሚለውን እነዚሁ ሰዎች ሲመልሱ አልሰማሁም። እኔ ደግሞ ወደ ውድድሩ ጣቴን ስቀስር ሦስቱ ጣቶቼ ወደ ራሴ ያመለክቱ ነበር።

ዋጋው ሲወርድ

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ይህ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ2016 መጀመሪያ ሊኩዊድ አሴት ፓርትነርስ የተባለ የሚሺጋን ድርጅት ንብረቱን ገዝቶ፣ ሁሉም ቆራርጦ ይሸጠዋል ብሎ ሲጠብቅ፣ በመጋቢት ወር ኢስት ትሮይ ውስጥ ማምረቱን እንደገና ጀመረ። በግንቦት ወር እኚያ ሽማግሌ ሻጭ ደወሉልኝ። ስልኬን ከሁለት ዓመት በፊት ጽፈው አስቀምጠውት ኖሯል። ከቀድሞው ክምችት የቀረችው ያቺው ቀይ ሞተር ሳይክል፣ ምንም ሳትነዳ፣ 13 ሺህ ዶላር መሆኗን ነገሩኝ። ይኸው ደረጃህ ማለታቸው ነበር፤ ባይሉትም።

ገንዘቡ ነበረኝ። ባለቤቴም፣ ሳትወደው፣ «እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ስለሷ ከምሰማ ግዛትና ልረፍ» ብላኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሄድሁ፤ በእሷ ላይ እንደገና ተቀመጥሁ፤ ቁልፉን ሰጡኝና አስነሣኋት። ድምፁ ዛሬም በጆሮዬ አለ። አጥፍቼ ወረድሁና ከፊት ጎማዋ አጠገብ ተንበረከክሁ።

በተለመዱት የስፖርት ሞተር ሳይክሎች ላይ የፊት ፍሬን ዲስኮቹ ሁለት ሆነው በቸርኬው መካከል፣ በእምብርቱ ግራና ቀኝ ይታሰራሉ። የቢዩል ግን አንድ ብቻ ነው፤ 386 ሚሊ ሜትር የሆነ ትልቅ ቀለበት፣ በቸርኬው ጠርዝ ላይ የታሰረ፣ ከውስጥ በኩል በስምንት ፒስተን የሚያዝ። የፍሬኑ ጉልበት ከእምብርቱ በቸርኬው ጨረሮች በኩል አልፎ ጎማው ዘንድ መድረስ አያስፈልገውም፤ በቀጥታ ከጠርዙ ስለሚጀምር ጨረሮቹ ቀጭን፣ ቸርኬው ቀላል ይሆናል። እንደ ብረት ሠራተኛ ይህን ሐሳብ በጣም ነበር የምወደው፤ ሰው ሁሉ ክብደት ሲቆርጥ ይህ ሰው ክብደቱ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀ እያልሁ ለሥራ ባልደረቦቼ አስረዳ ነበር። በዚያ ጠዋት ግን ጣቴን በዲስኩ ላይ እያሳለፍሁ ያሰብሁት ሌላ ነገር ነው። ይህ ቢጣመም ከሌላ ሞተር ሳይክል ነቅዬ የምተካው አይደለም።

«ይህ ዲስክ ከየት ይገኛል?» አልኋቸው።

«ከኢስት ትሮይ።»

«የዛሬ አምስት ዓመትስ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «ዛሬ አለ» አሉኝ።

ከዚህ የበለጠ እውነተኛ መልስ ከሻጭ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ሊዋሹኝ ይችሉ ነበር። እኔም ቁልፉን መለስሁላቸው።

አጎቴ መርካቶ ሶማሌ ተራ ዕድሜውን በመለዋወጫ ንግድ የፈጀ ሰው ነው። ልጅ ሳለሁ መኪና ሊገዛ ያማከረውን ሰው ሁሉ፣ «መጀመሪያ መለዋወጫውን አይተህ ና» ብሎ ነበር የሚሰደው። አዲስ አበባ ውስጥ ያረጀ ኮሮላና ቪትዝ እንደ ወርቅ ዋጋውን ይዞ የሚኖረው በዚህ ምክንያት መሆኑን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሰው የሚገዛው መኪናውን ሳይሆን ከመኪናው ጀርባ የተደረደሩትን ሱቆች ነው። ሚኒሶታ ዐሥራ ምናምን ዓመት ኖሬ፣ በሙያዬም ራሴን ከአጎቴ የራቅሁ አድርጌ ስቆጥር፣ በዚያች ጠዋት በጉልበቴ ተንበርክኬ የጠየቅሁት የእሱን ጥያቄ ነበር።

ሲገባኝ የከበደኝ እዚህ ላይ ነው። በ2014 ድርጅቱ ሕያው፣ ዋጋው ውድ ነበር፤ በ2016 ዋጋው ርካሽ፣ ነገው አጠራጣሪ ሆነ። ርካሽ የሆነችውም ነገዋ ስለ ተጠራጠረ ነው። እኔ የምጠብቀው ሁለቱ መልካም ነገሮች በአንድ ላይ የሚገኙበትን ቀን ነበር፤ እሱ ደግሞ የሚመጣው እንደ እኔ ያሉት ብዙዎች ቀድመው ከገዙ ብቻ ነው። እንደ እኔ ያሉት ብዙዎች ደግሞ በየከተማቸው፣ በየመሸጫው፣ ርካሹ መቼ ይመጣል እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ይህን ስል መግዛት ነበረብኝ ማለቴ አይደለም። ገዢ ምጽዋት ሰጪ አይደለም፤ የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሰው ለአንድ መሐንዲስ ሕልም 19 ሺህ ዶላር ባያወጣ የሚወቀስበት ምክንያት አይታየኝም። የሚከነክነኝ አለመግዛቴ ሳይሆን የሰጠሁት ምክንያት ነው። «ውድ ነው» አልሁ፤ እውነቱ ግን «እፈራለሁ» ነበር። ፈርቻለሁ ብል ሰውዬው ስለ መለዋወጫ፣ ስለ ዋስትና፣ ስለ ሻጮች ቁጥር ያወሩኝ ነበር። ውድ ነው ብንላቸው ግን ሠሪዎቹ የሰሙት ያንኑ ነው፤ ዋጋ ቀነሱ፤ ሲቀንሱ ከእያንዳንዱ የሚቀራቸው ትርፍ ሳሳ፤ ትርፉ ሲሳሳ ነገ የመኖራቸው ነገር የባሰ አስፈራን። በሐሰት የተናገርነውን ሕመም ሊያክሙ ሲሉ በእውነተኛው ሞቱ ብዬ አስባለሁ። ብቸኛው ምክንያት ይህ ነው አልልም፤ የእኔ ድርሻ ግን ይህ ነበር።

አዲሱ ዝርዝር

የኢስት ትሮዩ ሥራ በ2017 እንደገና ቆመ። በ2021 ባለቤቶቹ የቢዩልን ስም ይዘው በሚሺጋን ግራንድ ራፒድስ ተመለሱና እስከ 2024 ድረስ 10 ሞዴሎች እንደሚያቀርቡ አስታወቁ። 2024 መጥቶ ሲያልፍ ገዢ እጅ የገቡት ከዝርዝሩ ጥቂቶቹ ናቸው። ኤሪክ ቢዩል በዚህኛው ውስጥ የለበትም፤ እሱ ፊዩል የተባለ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ድርጅት ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ያም በ2024 ለኪሳራ አመለከተ። አሁን ትንሽ ድርጅት የወደፊት ሞዴሎቹን ዝርዝር ሲያወጣ አልስቅም፤ አልቆጣምም። ትልቁ ድርጅት ዛሬን ይሸጣል፤ ትንሹ ከዛሬው ጋር ነገንም መሸጥ ግድ ይሆንበታል፤ ነገን ባወጀ ቁጥር ደግሞ «እንግዲያው ልጠብቅ» የሚለውን ሰው ያበዛል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ የ2021ን ዝርዝር ሳነብ ዐይኔ ቀድሞ የሮጠው የትኛው ይረክሳል ወደሚለው መሆኑን አልደብቅም።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ወንዙን ተሻግሬ ዊስኮንሲን ሀድሰን ውስጥ አንዲት ያገለገለች ብላስት በ1,400 ዶላር ትሸጣለች መባሉን ሰምቼ ሄድሁ። ሻጯ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ሞተሯ የሟች ባለቤታቸው ነበረች። ጋራዡን ከፍተው፣ በሸራ የተሸፈነችውን ሞተር ሳይክልና ከአጠገቧ በማሸጊያ ቴፕ የታሸገ አንድ ትልቅ ካርቶን አሳዩኝ። ባለቤታቸው ዓመቱን ሙሉ መለዋወጫ ይሰበስብ እንደ ነበርና ካርቶኑ ከሷ ጋር እንደሚሄድ ነገሩኝ። እኔም ተንበርክኬ ቴፑን ላጥሁ፤ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ሁለት ካንዴላ፣ ገና ከወረቀቱ ያልወጣ የኋላ ቀበቶ፤ አንድ በአንድ እያወጣሁ በሲሚንቶው ላይ ደረደርኋቸው።

ሴትዮዋ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ሞተሯን አታያትም እንዴ?» አሉኝ።